በልጆች ቪዲዮ መሃል የሚገባው ማስታወቂያ፦ ከፍለን እናስቀረው ወይስ እንዝጋው?

ባለፈው ጥር አንድ ምሽት ነው። ከመግሪብ ሰላት በኋላ ሁለቱ የልጅ ልጆቼ እኔ ዘንድ ነበሩ። እናትና አባታቸው ሱቅ እስኪዘጉ ድረስ ማታ ማታ የሚቆዩት እኔ ጋ ነው። እኔ ቡና እቆላለሁ፣ የአባታቸው ስልክ ፔርሙሱ ላይ ተደግፎ ቆሟል። የ6 ዓመቷ ስለ ጅብና ስለ አህያ የሚናገር የተረት ቪዲዮ ታያለች። የ11 ዓመቱ ወንድሟ ከጎኗ ደብተር ዘርግቶ የቤት ሥራ እየሠራ ነው፣ ቢያንስ እኔን ያለኝ እንደዚያ ነው።

ጅቡ አህያዋን ሊበላ ሲል ተረቱ ተቋረጠ። የአንድ ወጣት ጩኸት ቤቱን ሞላው። ስለ እግር ኳስ ውርርድ ነበር። ጩኸቱ አልቆ ተረቱ ሲቀጥል የ11 ዓመቱ ልጅ ቀና ብሎ፣ «አኮ» አለኝ፤ በኦሮምኛ አያቱን ሲጠራ ነው፤ «በ20 ብር 20 ሺህ ብር ይገኛል እንዴ?»

«ማን አለህ?» አልኩት።

«ስልኩ። 20 ብር ስጪኝና እማዬን ባጃጅ እገዛላታለሁ።»

መሳቅም መቆጣትም አቃተኝ። ልጁ ክፉ አላሰበም። ያሰበው እናቱን ነው። ማስታወቂያውን የሠራው ሰው ግን የልጁን ደግነት ወደ 20 ብር ሊቀይረው ችሏል፣ ያውም እኔ አጠገቡ ተቀምጬ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ታሪክ የእኔ ቤት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከዚያ ምሽት በኋላ ጉዳዩን ለዘመድ አዝማድ ሳነሳ ሁሉም የየራሱ ታሪክ ነበረው። መፍትሔ ስጠይቅ ግን ምክሩ ሁለት ቦታ ተከፈለ። አንዱ «ከፍለሽ ማስታወቂያውን አስቀሪው» ይላል። ሌላው «ለምን ትከፍያለሽ? የሚዘጋ አፕ አለ፤ ጫኚበት» ይላል። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሕክምና ላይ ነው። በሽታውን ሳላውቅ መድኃኒት መስጠት አልለመደብኝም። ስለዚህ መጀመሪያ በሽታውን ልመርምር ብዬ ተነሳሁ።

ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ

በማግስቱ ድሮ የልብ ምት እንደምቆጥረው የእጅ ሰዓቴን ይዤ ከልጆቹ ኋላ ተቀመጥኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 14 ማስታወቂያ መጣ። አንዳንዱ 6 ሰከንድ፣ አንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ የሚፈጅ ነው። ሲደመር ወደ 4 ደቂቃ ሆነ። ከ14ቱ 5ቱ የስፖርት ውርርድ፣ 3ቱ የክብደት መቀነሻና የቆዳ ማቅያ፣ 2ቱ «ከቤት ሳይወጡ ሀብታም ይሁኑ» የሚሉ ነበሩ። የቀሩት 4ቱ የስልክና የሳሙና ናቸው። ልጅ ቢያያቸው ግድ የማይሰጡኝ እነዚህ 4ቱ ብቻ ናቸው።

የገንዘቡንም ነገር አሰላሁት። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በመካከለኛ ጥራት ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ዳታ ይበላል። ከ60 ደቂቃው 4ቱ ማስታወቂያ ከሆነ በሰዓት ከ30 ሜጋባይት በላይ የሚሄደው ለማስታወቂያ ነው ማለት ነው። ልጆቹ በቀን 2 ሰዓት ቢያዩ በወር ወደ 2 ጊጋባይት ይጠጋል። ቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲያሳየን የሚወስድብን ጊዜያችንን ነው። ስልኩ ግን የማስታወቂያውን የመጓጓዣ ሒሳብ ጭምር ከእኛ ፓኬጅ ላይ ይቆርጣል። አማቼ «የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ብዘጋው ምን ኃጢአት አለው?» ሲለኝ ፈጥኜ መልስ ያጣሁት ለዚህ ነው።

ካርዱ የአባት፣ ሕመምተኛው ልጅ

ለ6 ዓመት ልጅ የውርርድ ማስታወቂያ የሚመጣው ለምንድን ነው? መልሱ ቀላል ነው። ስልኩ የአባቷ ነው። አባቷ ማታ ማታ የእንግሊዝ ኳስ ያያል፣ ውጤት ይፈልጋል። ማስታወቂያ የሚመድበው ማሽን የሚያውቀው የስልኩን ባለቤት እንጂ ስልኩን የያዘውን እጅ አይደለም። ክሊኒክ ውስጥ በአባት ካርድ ልጅ ብናክም የአዋቂውን መጠን ለሕፃኑ እንሰጠዋለን። እዚህም የሚሆነው ያው ነው። ስልኩ የአያት ከሆነ ደግሞ ለልጁ የሚመጣው የወገብ ሕመምና የስኳር መድኃኒት ነው።

ይህ ነገር በዓለም ደረጃም ክርክር አስነስቷል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ መስከረም 2019 ማለት ነው፣ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የኒው ዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ ባቀረቡት ክስ ጎግልና ዩቲዩብ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ክሱ ያለ ወላጅ ፈቃድ የሕፃናትን መረጃ ሰብስበው ለማስታወቂያ ተጠቅመውበታል የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ከጥር 2020 ጀምሮ፣ ቪዲዮ የሚጭን ሁሉ ሥራው ለሕፃናት የተሠራ መሆን አለመሆኑን ምልክት እንዲያደርግ ተገደደ። «ለሕፃናት» ተብሎ ምልክት በተደረገበት ቪዲዮ ላይ የተመልካቹን ጠባይ ተከትሎ የሚመጣ ማስታወቂያ አይገባም፤ የውርርድና የመጠጥም አይፈቀድም።

ታዲያ የእኛዋ ተረት ላይ ውርርዱ ከየት መጣ? ቪዲዮው ምልክት አልተደረገበትም። ማወቂያው ዘዴ ቀላል ነው፤ ወላጅ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ለሕፃናት የተባለ ቪዲዮ ሥር አስተያየት መስጫው ዝግ ነው። ከቪዲዮው ሥር ሰዎች የሚሳደቡበትና የሚመራረቁበት ሰሌዳ ክፍት ከሆነ፣ ሥዕሉ የጅብና የአህያ ቢሆንም፣ ማሽኑ የሚቆጥረው እንደ አዋቂ ቪዲዮ ነው።

የእኛ አገር ሕግም ዝም አላለም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ ተደርጓል። ብዙ ወላጅ በዚያን ጊዜ እፎይ ብሏል። በስልክ የሚመጣውን ግን ተከታትሎ ለመያዝ የጣቢያ ኃላፊ ጠርቶ እንደማነጋገር አይቀልም። የሚያስነግረው አንድ አገር፣ የሚያስተላልፈው ሌላ አገር፣ የሚያየው ልጅ ደግሞ ኬሚሴ ነው።

ነጻ የሚባል ነገር የለም

ልጆቼን ሳሳድግ የልጆች ፕሮግራም ማለት አባባ ተስፋዬ ነበሩ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ ተረት ነገሩ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር የሰፈሩ ልጅ አንድ ቤት ይሰበሰባል፣ ጫማ በር ላይ ይከመራል። ተረቱን መሃል ላይ አቋርጦ የሚገባ ነጋዴ አልነበረም። ያ ግን ነጻ ስለነበር አይደለም። የሚከፍለው መንግሥት፣ ማለትም ግብር የምንከፍለው እኛው ነበርን።

ዛሬ ተረቱን የሚሠራው አንድ ወጣት ነው። ካሜራ ገዝቶ፣ ሥዕል አስሎ፣ ሌሊት ሲያቀናብር ያድራል። ገቢው ማስታወቂያው ነው። ዩቲዩብ ከረጅም ቪዲዮዎች ላይ ከሚያገኘው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለአዘጋጁ ይሰጣል። ከፍለው የሚያዩ ሰዎች ካሉም ከክፍያው የተወሰነው እንደተመለከቱት መጠን ለአዘጋጆቹ ይከፋፈላል። ማስታወቂያውን ዘግቶ የሚያይ ሰው ግን ለአዘጋጁ ምንም አያስገኝለትም። ስለዚህ ጥያቄው «መክፈል ወይስ አለመክፈል» አይደለም። በገንዘብ፣ በልጁ ትኩረት፣ ወይም በሌላ ሰው ልፋት፣ በየትኛው እንክፈል ነው።

መክፈል፦ ለማን ያዋጣል?

ዩቲዩብ ፕሪሚየም የሚባለው ያለ ማስታወቂያ የሚታይበት ክፍያ አሜሪካ ውስጥ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለአንድ ሰው በወር 13.99 ዶላር ሆኖ ነበር። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ 800 ብር አይሞላም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ዶላሩን በ130 ብር እንኳ ብናስበው ከ1,800 ብር ይበልጣል። በጡረታ ለሚኖር ሰው ይህ ለተረት የሚወጣ ገንዘብ አይደለም። በየአገሩ ዋጋው ይለያያል፤ አገልግሎቱ ከ100 በላይ አገሮች ገብቷል፤ ጎረቤታችን ኬንያም ደርሷል። ኢትዮጵያ ግን ለዓመታት ዝርዝሩ ውስጥ ሳትገባ ቆይታለች። ብትገባም የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

ከጨፋ ሸለቆ ብዙ ቤት ልጅ ወደ ሳውዲ ልኳል። የእኔም አንዷ ልጅ ጅዳ ናት። ነገሩን ስነግራት «እማዬ፣ እኔ እዚህ የቤተሰብ ፓኬጅ ገዝቼ አስገባችኋለሁ» አለች። የቤተሰብ ፓኬጁ ከገዢው ሌላ እስከ 5 ሰው ይይዛል። ደንቡ ግን አባላቱ ሁሉ በአንድ ቤት የሚኖሩ እንዲሆኑ ያዛል፤ ኩባንያውም በየጊዜው ያጣራል። ጅዳና ኬሚሴ አንድ ቤት ነው ብሎ መፈረም ያው ውሸት ነው። ልጄ ሰው ቤት ሠርታ የምታገኘውን ሪያል አውጥታ፣ አንድ ቀን ተቋርጦ ልጆቹ ሲያለቅሱ ከማይ፣ ይቅርብኝ አልኳት።

ግን አንድ ነገር ልበል። እናንተ ውጭ የምትኖሩና ልጆቻችሁን እዚያው የምታሳድጉ ወላጆች፣ አቅማችሁ ከፈቀደና አገልግሎቱ እናንተ ጋ ካለ፣ ክፈሉ። ንጹሕ መንገድ ነው፤ ልጁም ያርፋል፣ ተረቱን የሠራው ሰውም ያገኛል።

መዝጋት፦ የትኛው ምንድን ነው?

«መዝጊያ» የሚባለው አንድ ነገር አይደለም። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ ወይም ስልክ ላይ ማስታወቂያ የሚያግድ የኢንተርኔት መክፈቻ መጠቀም ነው። ለአሠራሩ የታወቀና ከትክክለኛው መደብር የወረደ ከሆነ ለስልኩ አደጋ የለውም። ችግሩ ኩባንያውም ዝም ብሎ የሚያይ አለመሆኑ ነው። ከ2023 ወዲህ ዩቲዩብ መዝጊያ የሚጠቀሙ ሰዎችን «ወይ አንሡት ወይ ክፈሉ» እያለ ቪዲዮ መከልከል ጀምሯል። አንድ ሳምንት ይሠራል፣ በሚቀጥለው ይቆማል።

ሁለተኛው የአንድሮይድ ስልክ ቅንብር ውስጥ ገብቶ የማስታወቂያ አድራሻዎችን የሚያግድ አገልግሎት ማስገባት ነው። ይህ በየድረ ገጹና በየጨዋታው ላይ የሚፈላውን ማስታወቂያ በደንብ ይቀንሳል። የዩቲዩብን ግን አይነካውም፤ ምክንያቱም የዩቲዩብ ማስታወቂያ የሚመጣው ቪዲዮው ራሱ ከሚመጣበት በር ነው።

ሦስተኛው በየስልክ ጥገናው ቤት «ልጫንልዎት?» የሚባለው ነው፤ የተቀየረ ዩቲዩብ። ኤፒኬ ይሉታል። በቴሌግራም ይዞራል። ከእነዚህ ሁሉ የታወቀው ቫንስድ የሚባለው ነበር፤ በመጋቢት 2022 በጎግል የሕግ ማስጠንቀቂያ ተዘጋ። እሱ ከተዘጋ በኋላ በስሙ የሚዞረውን ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ስልካችን ላይ ያለው ተረት ብቻ አይደለም። ቴሌብር አለ፣ የባንክ አፕ አለ፣ ከሳውዲ የተላከ ገንዘብ የሚገባበት መልእክት አለ። ማን እንደሠራው የማይታወቅ አፕ ሲጫን «መልእክትህን ላንብብ፣ ማያህን ልይ» ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እኛም ሳናነብ እሺ እንላለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ማስታወቂያ እናስወግዳለን ብለን የቤቱን ገንዘብ በር ከፍተን እንዳንሰጥ። አማቼ ስልክ ላይ አንዱ ተጭኖ ነበር። ተነጋግረን አጠፋነው፤ የይለፍ ቁጥሮቹንም ቀየረ።

ሁለቱም የማይደርሱበት ማስታወቂያ

እዚህ ላይ ደርሼ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጎረቤታችን ሐጂ ሐሳቤን አስቀየሩኝ።

ሐጂ ስኳር ካለባቸው ቆይቷል። ሜትፎርሚን ይወስዳሉ፣ በየወሩ እኔ ጋ እየመጡ እለካላቸዋለሁ፤ የጾም ስኳራቸው ከ130 እስከ 145 ባለው መሃል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እግራቸው ላይ ያለ ትንሽ ቁስል አልድን አለኝ ብለው መጡ። ስለካቸው መሣሪያው 382 አለ። ደንግጬ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

«ሐጂ፣ መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው?»

«ተውኩት ሲስተር። ዳንኩኝ እኮ!»

ከኪሳቸው አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አወጡ። ቡናማ ዱቄት ነው። ማዕርግ የለው፣ የተመረተበት ቀን የለው፣ የምዝገባ ቁጥር የለው። 3,500 ብር ከፍለውበታል። ማታ ማታ የሚያዳምጡት አንድ የወግ ፕሮግራም አለ። አቅራቢው ጨዋታውን ቆም አድርጎ፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፈገግታ፣ «እኔ ራሴ እናቴን ያዳንኩበት» ብሎ ስለ ዱቄቱ ይናገራል። ስልክ ቁጥርም ይሰጣል። ሐጂ ማስታወቂያ መሆኑን አላወቁም። ወዳጅ የመከራቸው ነው የመሰላቸው።

ያኔ ነው የገባኝ። ይህን ማስታወቂያ ፕሪሚየም ቢከፈል አያስቀረውም፤ አቅራቢው ራሱ ቪዲዮው ውስጥ የተናገረው ነውና። አብዛኛው መዝጊያም አይነካውም። እኔ ስለ ልጆቹ የውርርድ ጩኸት ስጨነቅ፣ በጣም አደገኛው ማስታወቂያ ጩኸት አልነበረውም። ልስልስ ያለ፣ የታመነ ሰው ድምፅ ነበረው።

የሰንበቴ ገበያ የሄደ ሰው ያውቀዋል። እሑድ እሑድ እዚያም መድኃኒት የሚሸጥ አለ፤ ድምፅ ማጉያ ይዞ ሥር ዘርግቶ ለጥርሱም ለሆዱም ይላል። እሱንም አልወድም። ግን ፊቱን እናውቃለን። ካታለለን በሚቀጥለው እሑድ እዚያው ቦታ እናገኘዋለን፣ አገር ይታዘበዋል። የስልኩን ሻጭ የት እናገኘዋለን? ሐጂ ደጋግመው ደወሉለት፤ ቁጥሩ አይሠራም።

አልሐምዱሊላህ፣ ሐጂ በጊዜ ሆስፒታል ደረሱ። ለተወሰኑ ሳምንታት ኢንሱሊን ወሰዱ፣ ቁስሉ እየታጠበ ዳነ፣ ወደ ኪኒናቸው ተመለሱ። ሁለት ሳምንት ቢዘገዩ ኖሮ እግራቸውን ስለማጣት ነበር የምንነጋገረው።

እኛ ቤት ያደረግነው

በዚህ ሸለቆ ወባን ለመከላከል ስንሠራ አጎበር ብቻውን በቂ ነው ብለን አናውቅም። አጎበር እንሰቅላለን፣ ቤት እናስረጫለን፣ የቆመ ውሃ እናፋስሳለን፣ ትኩሳት ሲጀምር ፈጥኖ መመርመርን እናስተምራለን። ማስታወቂያውም ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ አንዱም ገንዘብ አላስወጣንም።

አንደኛ፣ የስልኩን የጎግል አካውንት ከፍተን የማስታወቂያ መቆጣጠሪያው ውስጥ ገባን። እዚያ ውስጥ 5 ጉዳዮች ላይ የሚመጣውን ማስታወቂያ «ቀንስልኝ» ማለት ይቻላል፦ አልኮል፣ ቁማር፣ የፍቅር ጓደኛ ማገናኛ፣ ክብደት መቀነሻ፣ እርግዝናና ልጅ አስተዳደግ። ቁማሩን፣ አልኮሉን፣ ክብደቱንና ማገናኛውን አጠፋን። የግል ጠባይን ተከትሎ የሚመጣ ማስታወቂያም ይቁም አልን። ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን ከ2 ሳምንት በኋላ ሰዓቴን ይዤ ስቆጥር የውርርዱ ከ5 ወደ 1 ወርዶ አገኘሁት። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ግማሹ ጭንቀቴ ባልኖረ ነበር።

ሁለተኛ፣ የሚያስቀይም ማስታወቂያ ሲመጣ ዝም ብለን አናሳልፍም። ማስታወቂያው ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት ነክተን እናግደዋለን፣ ውሸት ከሆነም እናመለክታለን።

ሦስተኛ፣ ልጆቹ የሚያዩትን እኛ እንመርጣለን። አስተያየት መስጫው ክፍት የሆነ «የልጆች» ቪዲዮ ለብቻቸው አያዩም። «ጸሐይ መማር ትወዳለች»ን የመሳሰሉ፣ ለልጅ ታስበው የተሠሩ ፕሮግራሞች አሉን። የጸሐይ አዘጋጆች በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ድረስ ተወዳድረው የተሸለሙበት ሥራ ነው። አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዳይቀጥል የሚያደርገውንም ቁልፍ አጥፍተናል።

አራተኛ፣ ስክሪኑን ወደ ሳሎን አመጣነው። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ልጆቹ የሚሞቱ መስሏቸው ነበር። አልሞቱም። አጎታቸው ቀድሞ ያወረደላቸውን እየደጋገሙ አዩ፣ ጓሮ ወርደው ተጫወቱ፣ ለእኔም ተረት ንገሪን አሉኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው ምክር ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከ1 ዓመት በታች ያሉ ደግሞ ጨርሶ እንዳያዩ ይላል። የእኛዎቹ ከዚያ ዕድሜ ያለፉ ቢሆኑም እኛም በቀን 1 ሰዓት ላይ ወስነናል። ጊዜው በግማሽ ሲቀንስ ማስታወቂያውም ዳታውም በግማሽ ቀነሰ። ይህን ማንም አፕ አያደርግልንም።

አምስተኛውና ዋናው ማስተማር ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2004 ያወጣው ጥናት ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያ ሊሸጥላቸው እንደሚፈልግ አይረዱም፣ የሰሙትን እንደ እውነት ይወስዱታል ይላል። ስለዚህ ጨዋታ አደረግነው። ማስታወቂያ ሲመጣ ቀድሞ «ሻጭ መጣ!» ያለ ያሸንፋል። ከዚያ ሦስት ጥያቄ አለ፦ የሚናገረው ማነው? ከእኛ ምን ይፈልጋል? ውሸት ቢሆን የሚከስረው ማነው? ትንሿ ሦስተኛዋን ጥያቄ ትወዳታለች። «እኛ!» ብላ ትጮሃለች።

ለእኛ ለአያቶች

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ስለ ልጆች ነበር፤ ስጨርሰው ግን ስለ እኩዮቼ ማሰቤን አልተውኩም። ልጆቹን የሚጠብቅ አያት አላቸው። እኛን ማን ይጠብቀናል? ማታ ብቻችንን ስልክ ጆሯችን ላይ ለጥፈን የምንሰማው እኛው ነን። የሚያመን ቦታ ብዙ ነው፤ ሻጩም ያንን ያውቃል።

እንደ ጡረተኛ ነርስ የምለምናችሁ ጥቂት ነው። በስልክ የሰማችሁትን መድኃኒት ገዝታችሁ ሐኪም ያዘዘላችሁን አትተዉ፤ ስኳርና ደም ግፊት ሳያሙ ይጎዳሉ፤ «ዳንኩ» ያስባለው ኪኒናው ራሱ ሊሆን ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃውን ወይም ስሙን ለፋርማሲ ባለሙያ አሳዩ፤ አገር ውስጥ በሕግ የሚሸጥ መድኃኒት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። የምትወዱት አቅራቢ ስለ መድኃኒት ሲናገር «ሻጭ መጣ» በሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ልጆች ደግሞ ወላጆቻችሁን ስትደውሉ «ደህና ናችሁ?» ብቻ አትበሉ። «ሰሞኑን በስልክ ምን ገዛችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳትቆጡ ጠይቁ። ሐጂ ዱቄቱን ለልጆቻቸው ያልነገሩት ይስቁብኛል ብለው ፈርተው ነበር።

እንግዲህ እንክፈል ወይስ እንዝጋው ላላችሁኝ መልሴ ይህ ነው። የሚችል በሕጉ ይክፈል። የማይችል በነጻ ያለውን ቅንብር ይጠቀም፤ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን አፕ ግን ገንዘቡ ባለበት ስልክ ላይ አይጫን። በሁለቱም ቢሆን አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው መኖሩ አይቀርም።

የ11 ዓመቱ ልጅ ባለፈው ሳምንት ሐጂ ቤት ቡና ይዞልኝ ሄዶ ነበር። ሲመለስ በሩ ላይ ሆኖ፣ «አኮ፣ ሐጂ ስልክ ላይ ሻጭ መጥቶባቸው ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ምን አልካቸው?»

«ሦስቱን ጠየቅኋቸው። ሳቁና አጠፉት።»